ዴቪድ ፍሌይና የታዝማንያው ነብር

ታላላቅ ሰዎች ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነገሥታትን፣ የጦር አለቆችንና የመሣሪያ ፈልሳፊዎችን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የዱር አራዊትን ሲከታተል፣ ሲጠብቅና ፎቶግራፍ ሲያነሣ የኖረን ሰው ከታላላቆቹ ጋራ የሚቈጥር ጥቂት ነው። ነገር ግን የአውስትራልያው ተወላጅ የሚስተር ዴቪድ ፍሌይ ታሪክ በጽሞና ሲመረመር ለእኛ ለተማሪዎች ብዙ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሚስተር ፍሌይ ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ባላራት በምትባል ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ሠዓሊ ነበሩ፤ እንስሳትንም ይሥሉ ነበር። ልጃቸውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአካባቢው ጫካ እየዞረ ወፎችንና አራዊትን ይመለከት ነበር። ካደጉ በኋላ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ተምረው በ1931 ተመረቁ፤ በትምህርት ቤትም መምህር ሆነው አስተምረዋል።

የአውስትራልያ እንስሳት ከሌላው ዓለም እንስሳት የተለዩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ካንጋሮን፣ ኮዋላንና እነርሱን የመሳሰሉት አብዛኞቹ ልጃቸውን የሚያሳድጉት በሆዳቸው ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ነው። የትልቁ የቀይ ካንጋሮ ግልገል እንኳ ሲወለድ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም፤ ዓይኑም አይገለጥም፤ በእናቱ ጠጕር ላይ ድሆ ከረጢቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ጡት ይዞ ወራት ይቈያል።

እነዚህን እንስሳት በሚኖሩበት ዱር ፎቶግራፍ ማንሣት በዚያ ዘመን ቀላል ሥራ አልነበረም። ብዙዎቹ ቀን ተኝተው ውለው ሌሊት የሚወጡ ናቸው። የፎቶግራፍ መሣሪያው ከባድ፣ ሥዕሉም የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ስለ ነበረ ብዙ ብርሃን ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው አስቀድሞ እንስሳው የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ዛፍ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። ሚስተር ፍሌይ ይህን ትዕግሥት የታደሉ ሰው ነበሩ። በእግሮቻቸው መካከል ያለውን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚንሳፈፉት ባለ ከረጢት እንስሳትም ባዩት ነገር መጽሐፍ ጽፈው በ1947 አሳትመዋል።

ስማቸውን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው ግን ታይላሲን የሚባለው አውሬ ነው። ይህ አውሬ መልኩ ውሻ ይመስላል፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ሸንተረር ስላለው ሰዎች የታዝማንያ ነብር ይሉታል፤ ነገር ግን ውሻም ነብርም ሳይሆን ባለ ከረጢት ነበር። ታዝማንያ በተባለችው ደሴት ይኖር ነበር። ባለ በጎች በጋችንን ይፈጃል ብለው ስለ ከሰሱት መንግሥት ከ1888 እስከ 1909 ድረስ ለገደለ ሰው ሽልማት ይከፍል ነበር። ለአንድ ትልቅ አውሬ አንድ ፓውንድ ይሰጥ ነበር፤ በመዝገብ የሰፈረውም ክፍያ 2,184 ነው። በዚህ ላይ የጫካው መመንጠርና በሽታ ተጨምሮበት አውሬው ከዱር እየጠፋ ሄደ።

በዲሴምበር 1933 ሚስተር ፍሌይ ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳሉ ወደ ሆባርት ከተማ ሄዱ። በዚያ በነበረው የአራዊት መጠበቂያ አንድ ታይላሲን ነበር። እርሳቸውም ከነመሣሪያቸው ወደ ግቢው ውስጥ ገቡ። በመሣሪያው ጥቁር ጨርቅ ሥር ራሳቸውን አስገብተው ሲያነጣጥሩ አውሬው ከኋላ መጥቶ መቀመጫቸውን ነከሳቸው። እርሳቸው ግን ሥራቸውን ፈጸሙ፤ የንክሻውንም ጠባሳ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እንደ ኒሻን ይኰሩበት ነበር ይባላል። የቀረጹት ተንቀሳቃሽ ፊልም ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አውሬው በግቢው ውስጥ ሲመላለስ፣ ሲተኛና አፉን እጅግ አስፍቶ ሲከፍት ይታያል።

የታዝማንያ መንግሥት ታይላሲን እንዳይገደል በሕግ የከለከለው ጁላይ 10 ቀን 1936 ነው። ሕጉ ከወጣ በ59ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን፣ በሰው እጅ የነበረው የመጨረሻው ታይላሲን በዚያው በሆባርት ሞተ። ሕጉ የወጣው የሚጠበቀው ነገር ካለቀ በኋላ ነበር ማለት ይቻላል።

ሚስተር ፍሌይ ግን ተስፋ አልቈረጡም። ከ1945 መጨረሻ እስከ 1946 መጀመሪያ ድረስ ወደ ታዝማንያ ምዕራባዊ ዱር ዘልቀው ወጥመድ እያጠመዱ ለወራት ፈለጉ። ዓላማቸው መግደል ሳይሆን፣ ወንድና ሴት በሕይወት ይዘው እንዲራቡ ማድረግ ነበር። የታይላሲን የመሰላቸውን ዱካ አገኙ እንጂ አውሬውን አንድ እንኳ አልያዙም። ታይላሲንን በተፈጥሮ ዱሩ በሕይወት ሳለ በግልጽ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ሳይገኝ ቀረ። ለዓለም የቀረው የታጠረው ግቢ ሥዕል ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ያደረጉት ሥራ ብዙ ነው። በሜልበርን የአራዊት መጠበቂያ ሲሠሩ እንስሳት በዱር የሚበሉትን ዓይነት ምግብ ማግኘት አለባቸው ብለው ስለ ተከራከሩ በ1937 ከሥራ ተሰናበቱ። ወዲያው በሂልስቪል ላለው የእንስሳት መጠለያ ኃላፊ ሆኑ። በዚያም በ1943 እንደ ዳክዬ ምንቃር ያለውን፣ እንቍላልም የሚጥለውን ፕላቲፐስ በሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አራቡ። ይህ ሥራ በሌላ ሰው የተደገመው ከ50 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በ1947 ደግሞ ሦስት ፕላቲፐሶችን ይዘው በመርከብ ወደ አሜሪካ በመሻገር በኒው ዮርክ ከተማ ለሚገኘው የብሮንክስ የአራዊት መጠበቂያ አስረከቡ።

በ1952 በኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር በርሌይ በሚባለው ስፍራ የራሳቸውን የእንስሳት መጠለያ ከፈቱ፤ ኋላም ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ወደ መንግሥት አስተላለፉት። መጠለያው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ሚስተር ፍሌይ ኦገስት 7 ቀን 1993 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1933 ያነሡት ፊልም በ2021 በአውስትራልያ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት አማካይነት ቀለም ተቀብቶ ለዓለም ታይቷል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሥራውን የወደደ ሰው ንክሻም ቢደርስበት፣ ከሥራም ቢባረር፣ ደክሞ ባዶ እጁን ቢመለስም ከዓላማው አለመናወጡን ነው። ሁለተኛው፣ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን የሕያው ፍጥረት ምትክ ሊሆን አለመቻሉን ነው። በሀገራችንም በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በሌላ ሀገር የማይገኝ፣ ቍጥሩም ጥቂት መቶ ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። እርሱን ለመጠበቅ ጊዜው አላለፈም። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ካሜራ የሚይዝ ቢኖር በሚኖርበት ተራራ ላይ በነፃነት ሲሮጥ ያንሣው፤ ልጆቻችንም በተራቸው ሄደው እንዲያዩት ሁላችን እንተባበር።