ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የሚኒስትሮች ሹመት

ንጉሥ በሞተ ቁጥር መንግሥቱም አብሮ የሚፈርስ ከሆነ፥ ሕዝቡ ዘወትር ቤቱን ከመሠረቱ ሲጀምር ይኖራል። ይህን ነገር ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይልቅ በዓይኑ ያየ ንጉሥ ጥቂት ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ. ም. ሲሞቱ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ማርከው ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የአንድነቱ ሥራ ተበተነ። በ1881 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁ ጊዜ ደግሞ ድል የቀረበው ሠራዊት ንጉሡን አጥቶ ተፈታ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በአድዋ ድል አደረጉ። ከዚያም የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ባንኩ በ1898 ዓ. ም. ተከፈተ። በደቡብና በምዕራብ ያለው ግዛት ግን አብዛኛው በጦር ኃይል የተያዘ ስለ ነበረ፥ የገባርነት ሸክም የከበደው ሕዝብ ብዙ መሆኑ አይካድም።

ይህ ሁሉ ሰፊ ግዛት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበረ። የዳኝነቱም፥ የግምጃ ቤቱም፥ የባዕድ መንግሥታትም ጉዳይ ከንጉሡ ፊት ሳይደርስ አይቆረጥም። ስለዚህ በጥቅምት 1900 ዓ. ም. ሥራውን ከፍለው ሚኒስትሮችን ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፥ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፥ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ፥ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በግንቦት 1901 ዓ. ም. ደግሞ የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፥ ራስ ተሰማን እንደራሴ አደረጉ።

ወዲያው ሕመሙ ጸንቶ ንጉሠ ነገሥቱን ከአልጋ ጣላቸው። ራስ ተሰማም በ1903 ዓ. ም. ቀድመዋቸው ሞቱ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በዐዋጅ አልተነገረም። በመስከረም 1909 ዓ. ም. መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ፤ በሚቀጥለውም ወር በሰገሌ ብዙ ደም ፈሰሰ።

እንግዲህ የሚኒስትሮች ሹመት ሁከትን ሁሉ አስቀረ ማለት አይቻልም። የሚኒስትሩ ሥልጣን ከንጉሡ ፈቃድ እንጂ ከሕግ የመጣ ስላልነበረ፥ ንጉሡ ሲታመም ሥልጣኑም አብሮ ይታመም ነበር። ቢሆንም አገሪቱ ወደ ዘመነ መሳፍንት አልተመለሰችም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 1919 ዓ. ም. ድረስ፥ በተሾሙበት ሥራ ቆዩ፤ ምኒልክ ካለፉ 13 ዓመት ሆኖ ነበር። ጀማሪው ያልጨረሰውን መጨረስ የተከታዩ ዕዳ ነው፤ ይኸውም ሹመትን ከሰው ፈቃድ አውጥቶ በሕግ ላይ ማቆም ነው።