ከኮንጎ አዛዥነት እስከ ነገሌው የውኃ ጉድጓድ፦ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም በነገሌ ቦረና የሠፈረው የአራተኛው ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮች በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ። የተነሡት ለሥልጣን ወይም ለርዕዮት አልነበረም። የሚበሉት ምግብ የተበላሸ ነበር፤ የወታደሩ የውኃ ጉድጓድ ሞተር ተሰብሮ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለዋል። በበጋ ወራት የቦረናን ሜዳ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። እኒሁ ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከብዙ አገሮች የተውጣጣ፣ ከ15 ሺህ በላይ ወታደር የያዘ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በኮንጎ መርተዋል። የዚያ ጦር ቀለብ፣ ነዳጅና ተሽከርካሪ በማን ገንዘብ ይገዛ የሚለው ጥያቄ ታላላቆቹን መንግሥታት ለዓመታት ያጨቃጨቀ ጉዳይ ነበር።

የጄኔራሉን ዘመን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ጥር 1928 ዓ.ም የግራዚያኒ ጦር በራስ ደስታ ዳምጠው የሚመራውን ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ ጥሶ ነገሌ ሲገባ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የነበረችው ኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳትገዛ በር ተዘግቶባት ነበር። ማኅበሩ በወራሪው ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም። ከዚያ ወዲያ የመጣው የኢትዮጵያ መንግሥት አቋም ከዚሁ ቁስል የበቀለ ነው፤ የጋራ ጸጥታ የሚባለው ነገር ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ድሃም ብትሆን ኢትዮጵያ ወታደር መስጠት አለባት የሚል ነበር። ከበደ ገብሬ ይህን አቋም በጦር ሜዳ እንዲፈጽሙ ከተመረጡት መኮንኖች አንዱ ሆኑ።

የመጀመሪያው ፈተና ኮሪያ ነበረች። ያኔ ኮሎኔል የነበሩት ከበደ ገብሬ የኢትዮጵያ ዘማች ጦር የበላይ አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ሻለቃውን በቀጥታ የሚመሩት ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። ቃኘው በሚለው የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰ። እዚያም በአሜሪካ መሣሪያ ሠልጥኖ በሰባተኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ። በመርከብም፣ በልብስም፣ በጠመንጃም ረገድ በሌላ አገር ላይ መመካት ግድ ነበር፤ የራሳቸው የነበረው ሰውና ድፍረት ነው። በኮሪያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ በጠላት እጅ የተማረከ አንድም አልነበረም።

ከኮሪያ መልስ ከበደ ገብሬ በማዕረግ እያደጉ የምድር ጦር አዛዥነት ደረሱ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ እሳቸው ከጄኔራል መርዕድ መንገሻና ከደጃዝማች አሥራተ ካሣ ጋር በአንደኛ ክፍለ ጦር ሠፈር ሆነው ሙከራውን ያከሸፈውን ወገን አስተባበሩ። ይህ ታማኝነታቸው በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ያለ ጥያቄ እንዲታመኑ አደረጋቸው፤ በኋላም ዋጋ አስከፈላቸው።

በዚያው ወቅት ኮንጎ ትነድ ነበር። ከቤልጅየም ነፃ በወጣች በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠራዊቷ አምጾ፣ በመዳብና በኮባልት የበለጸገችው ካታንጋ በሞይስ ቾምቤ መሪነት ተገንጥላ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 7 ቀን 1952 ዓ.ም ጦር እንዲላክ ወሰነ። ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም የተሰየመውን ጠቅል ብርጌድ ላከች፤ ቁጥሩም ከፍ ባለበት ጊዜ ሦስት ሺህ ገደማ ደርሷል።

ነገር ግን ጦር መላክና ጦር መቀለብ የተለያዩ ናቸው። ወታደር የሚያዋጣው አገር መደበኛ ደመወዙን ሲችል፣ ከዚያ በላይ ያለው ወጪ ከተባበሩት መንግሥታት ካዝና እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ወጪው በወር ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሶቪየት ኅብረት ዘመቻው ከጸጥታው ምክር ቤት ሥልጣን ወጥቷል በማለት፣ ፈረንሳይም በራሷ ምክንያት አንከፍልም አሉ። ድርጅቱ ለኪሳራ ተቃረበ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1954 ዓ.ም ጠቅላላ ጉባኤው የ200 ሚሊዮን ዶላር የብድር ሰነድ ሸጦ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ፈቀደ። ገበሬ ዘር ሲያልቅበት ከጎረቤት እንደሚበደረው ሁሉ፣ ዓለም አቀፉ ድርጅት የሰላም ዘመቻውን በብድር ለማቆየት ተገደደ። ሐምሌ 13 ቀን 1954 ዓ.ም ደግሞ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ወጪው የአባላት ሁሉ ግዴታ ነው የሚል አስተያየት በ9 ድምፅ በ5 ላይ ሰጠ። እምቢ ያሉት ግን እምቢታቸውን አልተዉም።

ሌተና ጄኔራል ከበደ የኮንጎውን ጦር አጠቃላይ አዛዥነት ከአየርላንዳዊው ጄኔራል ሾን ማክኦን የተረከቡት በዚህ ጭንቅ መካከል፣ በሚያዝያ 1954 ዓ.ም ነበር። እንዲህ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ላይ ለዋና አዛዥነት የበቁ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው። ሹመቱ ክብር ብቻ አልነበረም። በሥራቸው ያሉት ወታደሮች ከሕንድ፣ ከስዊድን፣ ከአየርላንድ፣ ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከቱኒዝያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ፣ ቋንቋቸውም ምግባቸውም መሣሪያቸውም የተለያየ ነበር። አንዱ መንግሥት ጦሩን ለማስወጣት ቢወስን አዛዡ ሊያስቀሩት አይችሉም።

የትጥቁ ነገር ደግሞ ከገንዘቡ ያልተናነሰ ራስ ምታት ነበር። ከእሳቸው ሹመት በፊት፣ በ1954 ዓ.ም መባቻ፣ ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ በአውሮፕላን አደጋ በሞቱበት ሰሞን፣ የካታንጋ አንዲት የጦር ጄት የድርጅቱን ወታደሮች ስታስጨንቅ ድርጅቱ የሚመልስባት ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘቻቸውን ሴበር ጄቶች ለመስጠት ፈቀደች፤ ጄቶቹ ግን በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሰማይ ማለፍ ነበረባቸው፤ የእንግሊዝ ፈቃድም ዘገየ። መሣሪያው ያለው አንድ አገር፣ መንገዱ ያለው ሌላ አገር፣ ገንዘቡ ያለው ሦስተኛ አገር ዘንድ ሲሆን ሰላም ማስከበር ምን ያህል እንደሚከብድ ይህ ያሳያል።

በ1955 ዓ.ም መጀመሪያ ሕንድ ከቻይና ጋር ስትዋጋ ቦምብ ጣዮቿን መለሰች፤ የኢትዮጵያ ጄቶችም ከኮንጎ ወጡ። ስዊድን በተረፉት ላይ ጨመረች። በኅዳርና በታኅሣሥ ከዋሽንግተን ጋር በተደረገ ንግግር አሜሪካ ጄኔራል ሉዊስ ትሩማንን ከቡድን ጋር ወደ ኮንጎ ልካ የጦሩን ጉድለት በቦታው አስመረመረች። ብረት ለበስ ተሽከርካሪ፣ የጭነት መኪናና የድልድይ መሣሪያ ጎድሏል፤ በሰፊዋ ካታንጋ ያለ እነዚህ መንቀሳቀስ አዳጋች ነበር።

ቾምቤ ግን ዕቃው ሁሉ እስኪደርስ አልጠበቁም። በገና ዋዜማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የካታንጋ ታጣቂዎች በኤልሳቤትቪል፣ በዛሬዋ ሉቡምባሺ፣ በኢትዮጵያውያን ይዞታ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ለቀናት በትዕግሥት ከተጠበቀ በኋላ ታኅሣሥ 19 ቀን 1955 ዓ.ም ጦሩ እንዲያጠቃ ታዘዘ። ኢትዮጵያውያኑ በከተማዋ ዙሪያ የተዘጉ መንገዶችን ከሌሎች ጓዶቻቸው ጋር አስከፈቱ። የሕንድ ወታደሮች ወደ ጃዶትቪል ሲገሰግሱ የሉፊራ ድልድዮች ፈርሰው ስለጠበቋቸው፣ የሚያስፈልገው የድልድይ መሣሪያ በእጃቸው ሳይኖር በታንኳና ባገኙት ተሻገሩ። ኒው ዮርክ ያሉት የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው በፍጥነቱ ተገረሙ። ጥር 13 ቀን ኮልዌዚ ተያዘች፤ የካታንጋም መገንጠል አበቃ።

ጄኔራሉ አዛዥነቱን ለኖርዌያዊው ጄኔራል ካልዳገር አስረክበው በ1955 ዓ.ም ክረምት ተመለሱ። ዘመቻው በ1956 ዓ.ም ሲዘጋ ጠቅላላ ወጪው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር፣ የሞቱት የድርጅቱ ወታደሮች ደግሞ 250 ገደማ ነበሩ። ያልተከፈለው ዕዳ ቀጥሎ የመጣውን የጠቅላላ ጉባኤ ስብሰባ ድምፅ መስጠት እስኪያቅተው ድረስ አሽመደመደው። በዶሎ በኩል ወደ ሶማሊያ የዘመቱትን የኢትዮጵያ ወታደሮች ያየ የደቡብ ቆላ ነዋሪም ስለ ሰላም አስከባሪ ጦር ገንዘብ የሚነሣውን ክርክር ደጋግሞ ሰምቷል።

ጄኔራል መርዕድ መንገሻ ካረፉ በኋላ ከበደ ገብሬ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። የሠራዊቱ ችግር ግን እየጠለቀ ሄደ። የምድር ጦር አዛዡ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ አመፁን እንዲያበርዱ ወደ ነገሌ ሲላኩ ወታደሮቹ ያዟቸው፤ የሚበሉትን አብልተው የሚጠጡትን አጠጧቸው፤ ጄኔራሉም ታመሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታው እንደሚመረመር ቃል ሰጡ። ወሬው በጦር ሠራዊቱ ሬዲዮ ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር ደረሰ፤ በየካቲት አስመራ ተከተለች።

የሌሎች አገሮች ወታደሮች ጎደለብን ሲሉ የሰሙ አዛዥ፣ የገዛ አገራቸው ወታደር ውኃ ሲለምን እንዴት ሳይሰሙ ቀሩ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጣል ግን እውነቱን ያጎድላል። የወታደሩ አቤቱታ በመኮንኖች ደረጃ እየታፈነ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ሁሉ ቤተ መንግሥት የሚደርስበት ሥርዓት ነበር፤ ሚኒስትሩም የዚያ ሥርዓት ታማኝ ሰው ነበሩ። የነገሌ ወታደርም ጥያቄው ትክክል እንደነበር ማንም አልካደም።

የካቲት 1966 ዓ.ም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሲወርድ ከበደ ገብሬም ከሥልጣን ወጡ፤ ሌተና ጄኔራል አብይ አበበ ተተኩ። በኋላም ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ሰዎች መካከል ኮንጎን ያዘዙት ከበደ ገብሬም፣ የነገሌን ውኃ የጠጡት ድረሴ ዱባለም ነበሩ። አስከሬናቸው በአንድ ጉድጓድ ተጥሎ ለዓመታት ቆየ፤ በ1984 ዓ.ም ከጉድጓዱ ወጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ።