እቴጌ ጣይቱ፤ ከፍል ውኃው ዳር እስከ ሕሙሙ አልጋ

የአንድ ከተማ አመሠራረት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚወሳው ወይ ምሽግ፣ ወይ ገበያ፣ አለዚያም የመንገዶች መገናኛ ነው። አዲስ አበባ ግን ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ አመሠራረት አላት። የአገራችን ርእሰ ከተማ መነሻዋ ድካምን ማሳረፊያና ሕመምን ማስታገሻ የሆነ ፍል ውኃ ነው። ይህንንም ውኃ ከመታጠቢያነት አሳልፈው ለመኖሪያ የሚያበቃ ምክንያት አድርገው የተመለከቱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እኒህ ሴት በውጫሌ ውል ክርክርና በዐድዋ ጦርነት ባሳዩት ቁርጠኝነት ስማቸው በሰፊው ይታወቃል። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ሌላ ገጽ፣ ማለትም የሰውን አካልና መንፈስ ሳይነጣጥሉ ለመንከባከብ ያደረጉት ጥረት፣ ይኸውም ጥረት በመጨረሻ ያስከፈላቸው ዋጋ የሚገባውን ያህል አልተወሳም።

ጣይቱ እንደሚገመተው በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በቤጌምድር ተወለዱ። በአባታቸው በኩል የሰሜን ገዥዎች ወገን ሲሆኑ፣ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። ይህ የአባቶቻቸው አገር ከዋግ ኽምራ ጋር ይጎራበታል፤ ከዋግ ወረዳዎች አንዷ የሆነችው ሰሃላ ከሰሜን ምድር ጋር ስትዋሰን፣ ከዚያ ወዲያ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰቆጣ የሚያወጣው ደጋ ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ አገር፣ ከብርዳማው አምባ አንሥቶ እስከ ወበቃሙ የተከዜ ሸለቆ ድረስ፣ የታመመ ሰው ወደ ጠበል መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። ሕመምተኛው ማልዶ ይጠመቃል፤ ይጾማል፣ ይጸልያል፤ ከሥራና ከጠብ ርቆ ለቀናት ይሰነብታል፤ አጠገቡም ዘመድ አይጠፋም። በዚህ ልማድ ውስጥ ውኃው፣ ዕረፍቱ፣ ምግቡ፣ ጸሎቱና የሰው አጃቢነቱ አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። በዘመናችን ሰውን በሁለንተናው ማከም የሚባለው ሐሳብ በዚያ አገር ስም ሳይወጣለት የኖረ ነው ለማለት ይቻላል።

የጣይቱ ልጅነት ግን ዕረፍት የበዛበት አልነበረም። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ያ ትልቅ ቤት ፈረሰ፤ ሰውም ተበተነ። ጣይቱ በገዳም ትምህርት አድገው ግእዝ ተማሩ፤ በገና መደርደርንና ሰንጠረዥ መጫወትንም ቻሉ። በዚያን ዘመን ለሴት ልጅ ይህን ያህል ትምህርት ብርቅ ነበር። ከአንድ በላይ ትዳር ሞክረው አልሰመረላቸውም። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በዓል የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር በቁርባን ሲያገቡ፣ መከራንና የቤተ መንግሥትን ውጣ ውረድ ጠንቅቀው የሚያውቁ የበሰሉ ሴት ነበሩ።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ

በዚያን ጊዜ የንጉሡ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበረ። ስፍራው ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ለመከላከያ ተስማሚ ነው፤ ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ማገዶው በየዓመቱ እየራቀ ሄደ፤ ውኃም ከሩቅ ይቀዳ ነበር። ከተራራው ግርጌ፣ የአካባቢው ነዋሪ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ሜዳ፣ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ አለ። ነዋሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ይህ ምንጭ የቤተ መንግሥቱንም ሰዎች ሳበ። ንጉሡ የቁርጥማት ሕመም ስለነበረባቸው መታጠቡ ያሳርፋቸው ነበር። ከእርሳቸው ጋር የወረደውም መኳንንት በምንጩ ዙሪያ ድንኳን እየተከለ ይሰነብት ጀመር።

እቴጌይቱ ከሌሎቹ የተለዩበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሰው ታጥቦ ወደ ብርዱ ሲመለስ፣ እርሳቸው ግን ሰው ለሕመሙ ማስታገሻ ብሎ የሚወርድበት ቦታ ለምን የዘወትር መኖሪያው አይሆንም ብለው አሰቡ። በምንጩ አቅራቢያ ቤት ይሠራላቸው ዘንድ ንጉሡን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በ1879 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም በየተመሩት ቦታ ሠፈሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንጦጦ ለአዲሲቱ ከተማ ቦታውን ለቀቀ።

ይህ ውሳኔ በዛሬው ዕውቀት ሲመዘን ምን ያህል ትክክል እንደነበረ ይገለጣል። የሰው ነርቭ ሥርዓት ሳንቆጣጠረው በራሱ የሚሠራ ክፍል አለው፤ እርሱም ሁለት ዘርፍ ነው። አንደኛው ለብርድ፣ ለድንጋጤና ለትግል ሰውነትን የሚያነሣሣ ሲሆን የልብን ምት ያፋጥናል፤ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ሁለተኛው ሰውነትን ወደ ዕረፍት፣ ወደ ምግብ መፈጨትና ወደ እንቅልፍ ይመልሳል። ሙቅ ውኃ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ የተኮማተሩትን ጡንቻዎች ያላላል፤ ከመታጠቢያው ከወጡም በኋላ የሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ዝቅ ማለቱ እንቅልፍን ይጠራል። ሰውን ዘወትር የሚያነሣሣው ነገር ሲበዛ፣ ማለትም ብርዱ፣ ሥጋቱና እንቅልፍ ማጣቱ ሲደራረብ፣ በቀን አንድ ጊዜ መታጠብ ብቻውን አይበቃም። መለወጥ ያለበት የኑሮው አካባቢ ነው። ጣይቱ ይህን ሥነ አካል ባይማሩም ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው።

በዚያው ዘመን በአውሮፓም ተመሳሳይ አስተሳሰብ ይስፋፋ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። በባቫሪያ ቮሪስሆፈን በተባለች መንደር ይኖር የነበረው ቄስ ሰባስቲያን ክናይፕ ስለ ውኃ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ነው። ይህም አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል። ክናይፕ ውኃን፣ ዕፀዋትን፣ እንቅስቃሴን፣ ቀለል ያለ ምግብንና የተመዛዘነ ኑሮን አንድ ላይ ያያያዘ ሰው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ስለ መተዋወቃቸው የሚነገር ነገር የለም፤ ቢሆንም ሁለቱም ያደጉት ጸሎትና ውኃ ተነጣጥለው በማይታዩበት ዓለም ነው።

ውኃ በጦር ሜዳ

በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ጣይቱ በባለቤታቸው ንግሥ በሁለተኛው ቀን የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያስከተለው ጠብ ወደ ጦርነት ሲያመራም ከዘማቹ ጋር የራሳቸውን ጦር ይዘው ወደ ትግራይ ተጓዙ። የውኃን ነገር ጠንቅቆ ማወቃቸው በዚህ ዘመቻ በግልጽ ታየ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበ ጊዜ፣ ምሽጉ ውኃውን የሚቀዳበትን ምንጭ የእቴጌይቱ ሰዎች ያዙት። ጥይት ያልፈታውን ምሽግ ጥም ፈታው፤ የምሽጉም ጦር ለቆ ወጣ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የዋጉ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊት ከሌሎቹ የሰሜን አገር ጦሮች ጋር ተሰልፎ በተዋጋበት ቀን፣ እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር የዘመቱትን ሴቶች አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ እንዲያደርሱ አድርገዋል። በመቀሌ ለጠላት የተነፈገው ውኃ በዐድዋ ለወገን ነፍስ ማቆያ ሆነ። ደም የፈሰሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ፈሳሽ እንደሚያስፈልገው ለተገነዘበ ሰው ይህ ሥራ ከመተኮስ የማያንስ ነበር።

በአዲሲቱም ከተማ የውኃው ጉዳይ ቀጠለ። በ1886 ዓ.ም. ገደማ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ግቢው ድረስ ቧንቧ ዘረጋ። ውኃ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ተመልሶ ወደ ግቢው ኮረብታ ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ ተደነቀ። ከዐድዋ በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ሕክምና፣ ማገዶን ያቃለለው የባሕር ዛፍ ተከላ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእቴጌይቱ የተከፈተው ሆቴል፣ ሁሉም ተደማምረው የአንድ ወቅት የመታጠቢያ ሠፈር ወደ ከተማነት እንዲሸጋገር አደረጉት።

የዝምታው ዓመታት

ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ የንጉሠ ነገሥቱ ጤና እየደከመ ሄደ። በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን በሞት ከተለዩ ወዲህ ሕመሙ ይደጋገምባቸው ጀመር። በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በግንቦት ወር 1901 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። ጠበሉም፣ ጸሎቱም፣ የፈረንጅ ሐኪሞች መድኃኒትም ተሞከረ። ከጀርመን የመጣው ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል እስከ ማለት ስለደረሰ፣ የሕሙሙ መኝታ ቤት የፖለቲካ ክርክር መድረክ ሆነ። በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. ብርቱው አደጋ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አካላቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ።

የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ፣ ደም ያጣው ወይም የተጎዳው የአንጎል ክፍል ያስተዳድረው የነበረው ሥራ ይቋረጣል። ንግግርን የሚያስተዳድረው ክፍል በተጎዳ ጊዜ ሰውየው እየሰማና እያወቀ መናገር ሊያቅተው ይችላል። ፍል ውኃም ሆነ ጠበል የሞተውን የአንጎል ክፍል አያስነሣም፤ እንዲያውም ለደከመ ልብና ደም ሥር በጣም የሞቀ ውኃ አደገኛ ነው። የሚረዳው ነገር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የታመመውን ክንድና እግር ሳይታክቱ ማንቀሳቀስ፣ ሕመምተኛውን እያናገሩ መልስ እስኪሰጥ መታገሥ፣ ቁስል እንዳያወጣ ማገላበጥ፣ ምግቡን በጥንቃቄ ማጉረስና ዙሪያውን ከሁካታ መጠበቅ ነው። ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊተካ የሚችለው በዚህ ዐይነት ድግግሞሽ መሆኑን የዛሬው ሕክምና ያስተምራል።

በዚያ ግቢ ግን ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። እቴጌይቱ በአንድ በኩል አስታማሚ፣ በሌላ በኩል በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሹም ሽረት የሚያደርጉ ባለሥልጣን ሆኑ። ለዘመዶቻቸው አደሉ የሚል ቅሬታ በሸዋ መኳንንት ዘንድ በረታ፤ ቅሬታውም ፈጽሞ መሠረት የለሽ አልነበረም። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተስማምተው ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉና ሕሙሙን ማስታመም ብቻ ተግባራቸው እንዲሆን ወሰኑ። በልጅ ኢያሱ ሞግዚትነት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው የመንግሥቱን ሥራ ያዙ።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዕር ወደ አዲሶቹ ባለሥልጣናት ይሻገራል። የእቴጌይቱ ከባዱ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ጣይቱ ሊያዋርዳቸው የተሰጣቸውን ተግባር አልናቁትም። ከዚያች ቀን አንሥቶ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ እስካረፉ ድረስ፣ ከማይናገረው ሰው አልጋ አልራቁም። ሠላሳ ዓመት ያህል ምክር የተለዋወጧቸው ባል መልስ አይሰጧቸውም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላ ሞታቸው በይፋ ስላልተነገረ፣ ሐዘንተኛይቱ እንደ አገሩ ወግ በአደባባይ አልቅሰው እንዲወጣላቸው እንኳ አልተደረገም። ከግቢውም እንዲወጡ ተደርገው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ፤ ከብርዱ አውጥተው ወደ ሙቀቱ ያወረዱት ሰው ሁሉ ከታች ሲኖር እርሳቸው ወደ ብርዱ ተመለሱ።

አስታማሚ የሆነ ሰው የራሱ ነርቭ እንዴት እንደሚጎዳ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ጆሮው ሌሊቱን ሙሉ የሌላውን ትንፋሽ ይጠብቃል፤ የሚያነሣሣው የነርቭ ዘርፍ ፋታ አያገኝም፤ ሕሙሙ ሲያርፍም ድካሙ በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። መድኃኒቱ ተተኪ አስታማሚ፣ እንቅልፍ፣ የሚያዳምጥ ዘመድና ወደ ወገን መመለስ ነው። ጣይቱ በ1910 ዓ.ም. የቀረ ዘመናቸውን በጎንደር ለመፈጸም ፈቃድ ጠየቁ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የነበረው መንግሥት ግን ሥጋት ስላደረበት አልፈቀደም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። በኋላ ዐፅማቸው በታእካ ነገሥት በአታ ከባለቤታቸው ጋር እንዲያርፍ ሆነ።

የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ቤትና ከተማ ለሚነድፍ፣ ውኃ ለሚያደርስ፣ ሆስፒታል ለሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚናገረው ነገር አለው። ሰው በአንድ ክኒን ወይም በአንድ መታጠቢያ ብቻ አይጠበቅም፤ የሚጠብቀው የሚኖርበት ስፍራ ሙቀት፣ ጸጥታ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የሥራና የዕረፍት ልክ፣ በአጠገቡም ያለ ሰው ነው። የቤት ፕላን ሲነደፍ የሕሙሙ ክፍል ይታሰባል፤ የሆስፒታል ፕላን ሲነደፍም የአልጋው ቁጥር ይቈጠራል። ከአልጋው አጠገብ ሌሊቱን ለሚያነጋው ሰው የሚሆን ማረፊያ ግን አዘውትሮ ይዘነጋል። ለመላው ከተማ የሙቅ ውኃን ዳርቻ የመረጡት ሴት ለራሳቸው ማረፊያ ሳያገኙ ማለፋቸው ይህንኑ ያስታውሰናል።