ማርቲኑስ ቤየሪንክ

ማርቲኑስ ቪለም ቤየሪንክ (ማርች 16 ቀን 1851 – ጃንዋሪ 1 ቀን 1931 እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድ (ሆላንድ) ተወላጅ የሆነ የዕፅዋትና የረቂቅ ተሕዋስያን ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በ1898 የትምባሆ ሞዛይክ በሽታ የሚመጣው ከባክቴሪያ ፈጽሞ በተለየ ተላላፊ ነገር መሆኑን በማሳየቱና ይህንን ነገር ቫይረስ ብሎ በመጥራቱ ነው። በዚህም ምክንያት የቫይረስ ጥናትን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ከእርሱ ሥራ በኋላ የሰብል ቅጠል ሲዥጎረጎርና ፍሬ ሲጣመም አየሩን ወይም አፈሩን ብቻ ምክንያት ማድረግ እንደማይበቃ ታወቀ። ዛሬ የአየር ጠባይ በዱባ፣ በዝኩኒ፣ በኪያር፣ በሜሎንና በሐብሐብ የቫይረስ በሽታዎች ላይ ያለው ድርሻ የሚጠናውም ይህን ግኝት መሠረት በማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቤየሪንክ የተወለደው በአምስተርዳም ከተማ ነው። አባቱ ዴርክ ቤየሪንክ የትምባሆ ነጋዴ ነበር። ንግዱ ከስሮ ቤተሰቡ ከአምስተርዳም ለቅቆ ወጣ፤ አባቱም በኋላ በባቡር ድርጅት ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠረ። እናቱ የሞተችው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ በ1855 ነው። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ያስተማረው አባቱ ነው። በኋላ በሃርለም ከተማ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ለዕፅዋት ያለው ፍቅር ጎልቶ ታየ። በ15 ዓመቱ 150 ዕፅዋትን ሰብስቦና አድርቆ በማቅረብ በውድድር ተሸለመ።

በዘመድ እርዳታ በዴልፍት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ተማረ። በዚያ የቅርብ ጓደኛው በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበለው ያኮቡስ ቫን ት ሆፍ ነበር። ቀጥሎ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በ1877 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ነፍሳት በዕፅዋት ላይ የሚያስከትሉት እባጭ ነበር። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከተለው ኖረ፤ ይኸውም ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር የአንድን ተክል እድገት እንዴት ሊያጣምም ይችላል የሚለው ነው።

የሞዛይክ በሽታ እንቆቅልሽ

ቤየሪንክ ከ1876 እስከ 1885 በዋገኒንገን የግብርና ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። በዚያው ከተማ የሚገኘውን የግብርና ምርምር ጣቢያ የሚመራው ጀርመናዊው አዶልፍ ማየር ሲሆን፣ ከ1879 ጀምሮ የአካባቢውን የትምባሆ እርሻ የሚያጠፋ በሽታ ይመረምር ነበር። የታመመው ተክል ቅጠል ፈዛዛና ደማቅ አረንጓዴ እየሆነ ይዥጎረጎራል፣ ይጨማደዳል፣ እድገቱም ይገታል። ማየር ባለ ቀለም ጠጠሮች ተገጣጥመው ከሚሠሩት ሥዕል ጋር በማመሳሰል ሞዛይክ የሚል ስም አወጣለት።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ በሽታ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት አፈሩ፣ ማዳበሪያው፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ነበሩ። ማየርም እነዚህን አንድ በአንድ መረመረ፤ ነገር ግን አንዳቸውም በሽታውን ሊያብራሩ አልቻሉም። ከዚያ የታመመ ቅጠል ጨምቆ ጭማቂውን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ በጤነኛ ተክል ቅጠል ጅማት ውስጥ አስገባ። እንዲህ ከተደረገባቸው ተክሎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ታመሙ። ስለዚህ በሽታው ተላላፊ ነው ማለት ነው። ማየር ይህን በ1886 ሲያሳትም ምክንያቱ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ቤየሪንክም ባክቴሪያውን ፈለገ፤ ግን አላገኘም።

በ1892 ሩሲያዊው ድሚትሪ ኢቫኖቭስኪ ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ የተጣራው ጭማቂ አሁንም በሽታ እንደሚያስይዝ አሳየ። ሆኖም ኢቫኖቭስኪ ነገሩን ያየው በባክቴሪያ ዓይን ነበር፤ ወይ በጣም ትንሽ የሆነ ባክቴሪያ አለዚያም ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ መሆን አለበት ብሎ አሰበ።

የ1898 ግኝት

ቤየሪንክ በ1885 ማስተማሩን ትቶ በዴልፍት ከተማ በሚገኝ የእርሾና የአልኮል ፋብሪካ የምርምር ክፍል ተቀጠረ። በ1895 ግን በዴልፍት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ። በ1897 አዲስ ቤተ ሙከራ ተሠራለት፤ ከጎኑም የመስታወት የዕፅዋት ቤት ነበረው። የመስታወቱ ቤት ትምባሆውን በሙቀት ውስጥ እያሳደገ ሙከራውን ለመቀጠል ስላስቻለው ከዓመታት በፊት የተወውን ጥያቄ እንደገና አነሣ።

የኢቫኖቭስኪን ሥራ ሳያውቅ የታመመ ትምባሆ ጭማቂ በሸክላ ማጣሪያ አሳለፈ። ባክቴሪያ የሌለበት የተጣራ ጭማቂ ለወራት ተቀምጦ እንኳ በሽታ የማስያዝ ኃይሉን አላጣም። ጥቂት ጠብታ ብዙ ተክሎችን ያሳምማል፤ ከእነዚያ የተወሰደው ጭማቂ ደግሞ ሌሎችን ያሳምማል። ተራ መርዝ ቢሆን ኖሮ ከተክል ወደ ተክል ሲሻገር እየቀጠነ ሄዶ ኃይሉ በጠፋ ነበር። ኃይሉ ባለመጥፋቱ ቤየሪንክ ነገሩ በተክሉ ውስጥ እንደሚባዛ ተረዳ። የሚባዛው ግን በሕያው ተክል ውስጥ፣ ያውም በማደግ ላይ ባለው ክፍል ብቻ ነው፤ ባክቴሪያ በሚያድግበት ምግብ ላይ አይባዛም። በደረቀ ቅጠል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግን ይጠፋል።

በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር በላቲን ኮንታጊዩም ቪቩም ፍሉይዱም፣ ማለትም ሕያው የሆነ ተላላፊ ፈሳሽ ብሎ ጠራው፤ በአጭሩም ቫይረስ አለው። ቫይረስ በላቲን መርዝ ማለት ሲሆን ቃሉ ከእርሱ በፊትም ይሠራበት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ግን አሁን ያለውን ልዩ ትርጉም እየያዘ መጣ። ማጣሪያውን በተመለከተ ኢቫኖቭስኪ እንደቀደመው ባወቀ ጊዜ ቤየሪንክ ቀዳሚነቱን በግልጽ ተቀበለ።

ፈሳሽ ነው ማለቱ ስሕተት ነበር። በ1935 አሜሪካዊው ዌንደል ስታንሊ የትምባሆውን ቫይረስ በክሪስታል መልክ ለየው፤ በ1939 ደግሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደ በትር ያለ ቅርጹ ታየ። ቫይረሱ ፈሳሽ ሳይሆን ቅንጣት ነው። ዋናው ሐሳብ ግን ጸና፤ በሕያው ሴል ውስጥ ብቻ የሚባዛ፣ ከባክቴሪያ የተለየ የበሽታ ምንጭ አለ።

ሌሎች ሥራዎቹ

በ1888 ቤየሪንክ በባቄላና በመሰል ጥራጥሬዎች ሥር ላይ ባሉት ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አሳደገ። ይህ ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ ለተክሉ ይሰጣል። በ1901 ደግሞ ከተክል ሥር ውጭ በአፈር ውስጥ እየኖረ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን አዞቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ አስታወቀ። ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎችንም አግኝቷል። ለአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ የሚስማማ ምግብና ሁኔታ አዘጋጅቶ ያ ባክቴሪያ ከሌሎች መካከል እንዲበዛ የማድረግ ዘዴውም እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል።

ጠባዩና የመጨረሻ ዘመኑ

ቤየሪንክ ብርቱ ሠራተኛ ቢሆንም ለተማሪዎቹና ለረዳቶቹ አስቸጋሪ ሰው ነበር፤ ይቆጣቸዋል፣ በነገርም ይወጋቸዋል። ሳይንስና ትዳር አብረው አይሄዱም ብሎ ያምን ስለነበር ሚስት ሳያገባ ከእህቶቹ ጋር ኖረ። በ1905 በረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት ከፍተኛ ክብር ያለውን የሌቨንሁክ ሜዳልያ ተቀበለ፤ የኖቤል ሽልማት ግን አላገኘም። በ1921 በ70 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ ጎርሰል ወደተባለች መንደር ሄደ፤ በዴልፍት ወንበሩን አልበርት ክላውቨር ወረሰ። ቤየሪንክ በጎርሰል በተወለደ በ79 ዓመቱ ዐረፈ።

ከትምባሆ ወደ ዱባና ሐብሐብ

ቤየሪንክ ገና በዴልፍት ሲያስተምር፣ በ1916 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ዱሊትልና ጃገር በየፊናቸው የኪያርንና የሜሎንን ሞዛይክ በሽታ ገለጹ። የዚህ በሽታ ምንጭ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ይባላል። ዛሬ ከ1,000 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎችን እንደሚይዝ ይታወቃል። ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሱት ክሽክሽ የሚባሉት ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። በ1973 በጣሊያን የተገኘው የዝኩኒ ቢጫ ሞዛይክ ቫይረስም በክሽክሽ ይተላለፋል፤ በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ውስጥም በብዙ የዓለም ክፍሎች ተዛምቷል። ቅጠሉን ቢጫ ያደርጋል፣ ፍሬውንም አጎባብጦ ለገበያ የማይሆን ያደርገዋል።

እነዚህ በሽታዎች እንደገና የአየር ጠባይን ጥያቄ አመጡ። አየር በሽታውን አይፈጥርም፤ ማየርና ቤየሪንክ ይህን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በሽታው መቼ እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚዛመት በአብዛኛው የሚወስነው አየሩ ነው።

ለምሳሌ በቀዝቃዛ አገር ኪያርና ሜሎን በክረምት ውርጭ ይሞታሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን በሽታው ይመለሳል። ዱሊትልና ዎከር በ1920ዎቹ ባደረጉት ጥናት ቫይረሱ ከዓመት ዓመት በሚኖሩ አረሞች ውስጥ እንደሚከርም አሳዩ። ክረምቱ ለስላሳ ሲሆን አረሙም ክሽክሹም በብዛት ስለሚተርፉ በሽታው ቀድሞ ይጀምራል። ክሽክሾች ለመብረር መጠነኛ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ በብርድና በብርቱ ነፋስ አይነሡም። ከባድ ዝናብም ከቅጠል ላይ አጥቦ ያወርዳቸዋል። ነገር ግን ያው ዝናብ አረም ያበቅላል፤ ዝናቡ ቆሞ አረሙ ሲደርቅ ክንፍ ያወጡት ክሽክሾች ቫይረሱን ይዘው በመስኖ ወደለመለመው ዱባ ይሻገራሉ።

ክሽክሽ ከታመመ ቅጠል ቫይረሱን ለማንሣትም ሆነ ጤነኛውን ለመበከል ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል። ስለዚህ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተረጨበት ክሽክሽ ሳይሞት በፊት ቫይረሱን ያስተላልፋል፤ በዚህ ረገድ ርጭት ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። በለጋነቱ የተያዘ ተክል ፍሬው እጅግ ያንሳል፤ ዘግይቶ የተያዘው ግን የተሻለ ያፈራል። በመሆኑም ክሽክሽ የሚበዛበትን ወቅት አውቆ የመዝሪያ ጊዜን መምረጥ፣ አረምንና ያረጀ ተክልን ማስወገድ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ፕላስቲክ መሬት ላይ ማንጠፍና በሽታ የሚቋቋም ዘር መጠቀም ይመከራል።

ሙቀት ሁሉንም ቫይረሶች በአንድ መንገድ አይነካም። በሞቃትና ደረቅ አካባቢ የሚበዛው ነጭ ዝንብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የታየው የዱባ ቅጠል መጠቅለል በሽታና በ1982 በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች መጀመሪያ የታየው ኪያርንና ሜሎንን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨው በሽታ የሚተላለፉት በነጭ ዝንብ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ተክሎች ሲሞቃቸው ቫይረስን የሚከላከሉበት የተፈጥሮ አቅም ይጠነክራል፤ የአንዳንድ ቫይረሶች ምልክትም በሙቀት ወራት ይደበዝዛል። ገበሬው ሰብሉ የዳነ ሊመስለው ይችላል፤ ቫይረሱ ግን በውስጡ አለ።

ቤየሪንክ ካጠናው ቫይረስ ጋር በቅርብ የሚዛመደውና በ1935 በእንግሊዝ የተገለጸው የኪያር አረንጓዴ ሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ የሚበር ተሸካሚ ነፍሳት አያስፈልገውም። በዘር፣ በእጅ፣ በቢላዋና በአፈር ይተላለፋል፤ የሐብሐብንም ሥጋ ያበላሻል። ቤየሪንክ በትምባሆው ላይ እንዳየው በደረቀ የተክል ቅሪት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ብርድም ሆነ ዝናብ በቀላሉ አያጠፋውም። በዚህ ምክንያት በእርሻ ላይ ሞዛይክ ሲታይ ከአየሩ አስቀድሞ የሚጠየቀው የትኛው ቫይረስ እንደሆነና በምን እንደመጣ ነው።

መታሰቢያ

ቤየሪንኪያ የተባለው የባክቴሪያ ወገንና በጨረቃ ላይ የሚገኝ አንድ ጉድጓድ በስሙ ተሰይመዋል።