ዮሴፍ ሹምፔተር፤ የድርጅቶችን መነሣትና መውደቅ የመረመረ ሊቅ

የመሐንዲስ ተግባር በዚያው ጉልበትና በዚያው መሣሪያ ከትናንቱ የበለጠ ምርት እንዲገኝ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሀገር ምርታማነት የሚያድገው በየፋብሪካው ውስጥ በሚደረገው መሻሻል ብቻ ሳይሆን፣ ደካማው ድርጅት ሥፍራውን ለብርቱው በመልቀቁም ጭምር ነው። ይህን ጉዳይ ጎላ አድርጎ ካሳዩት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት መካከል ዮሴፍ ሹምፔተር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

ሹምፔተር እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. በኦስትሮ ሀንጋሪ መንግሥት፣ ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ በምትገኘው ትሬሽት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረው፤ አባቱ ግን ልጁ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ሞተ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1906 በሕግ የዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ፣ በካይሮ ለጥቂት ጊዜ በሕግ ሙያ ሠርቶ በ1909 በቼርኖቪትዝ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

በ1911 ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ያሳተመው መጽሐፍ፣ መሐንዲሶች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ልዩነት ይዟል። ይኸውም አዲስ ነገር መፈልሰፍ አንድ ሥራ ሲሆን፣ የተፈለሰፈውን ከገበያ ማድረስ ደግሞ ሌላ ሥራ መሆኑ ነው። ለኢኮኖሚ ዕድገት ዋና አንቀሳቃሽ አድርጎ የቆጠረው ይህን ሁለተኛውን ሥራ የሚፈጽመውን ሰው ነበር፤ ለዚህም ሰው ብድር ለሚሰጠው ባንክ ከፍ ያለ ሥፍራ ሰጥቷል። የባቡር ሐዲድ የዘረጉት በፈረስ ሠረገላ የከበሩት ነጋዴዎች እንዳልነበሩ በምሳሌነት ያስረዳ ነበር።

በ1919 የኦስትሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ። በ1921 በቪየና የቢደርማን ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ነገር ግን በ1924 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ሹመቱንም ሀብቱንም አጣ፤ ዕዳውንም ከፍሎ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀበት። በ1925 በቦን ፕሮፌሰር ሆኖ ገና ሳይደላደል፣ በሚቀጥለው ዓመት እናቱን፣ ሚስቱንና አዲስ የተወለደ ልጁን በጥቂት ወራት ውስጥ ቀበረ።

በ1932 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1942 ባሳተመው ካፒታሊዝም፣ ሶሻሊዝምና ዴሞክራሲ በተሰኘው መጽሐፉም አዲሱ አሮጌውን እያፈረሰ የሚገነባበትን ሂደት ገለጠ። በጥር 1950 ከዚህ ዓለም ተለየ።

በእርሱ ዘመን ይህን ሐሳብ ከየድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመዛዘን አዳጋች ነበር። በኋላ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን፣ በአንድ የሥራ መስክ ውስጥ ብርቱው ፋብሪካ በተመሳሳይ ጉልበትና መሣሪያ የደካማውን እጥፍ ያህል እንደሚያመርት አረጋገጡ። በ2025ም ፊሊፕ አጊዮንና ፒተር ሃዊት ይህንኑ ሐሳብ በሒሳብ ቀምረው በማስፋፋታቸው፣ ከጆኤል ሞኪር ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ሆኖም የቢደርማን ባንክ ታሪክ ለሐሳቡ ወሰን እንዳለው ያመለክታል። ድርጅት በተሻለ ተወዳዳሪ ተተክቶ ሲዘጋ፣ ሠራተኛውና ገንዘቡ ወደሚበልጥ ሥራ ሊሻገሩ ይችላሉ። በብድር መቋረጥ ወይም በገበያ መናጋት ሲዘጋ ግን ብርቱው ከደካማው ጋር አብሮ ይወድቃል፤ ለዓመታት የተከማቸውም የሙያ ልምድ ይበተናል። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ በተዘጋ ቁጥር ሥፍራውን ማን እንደ ያዘ፣ ባለሙያዎቹም ወዴት እንደ ሄዱ መመርመር የሙያችን አንዱ ግዴታ ሊሆን ይገባል።