አመዳይን የተመለከተ ሰው፤ የዊልሰን ቤንትሌይ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ቬርሞንት የሚባል ተራራማ አገር አለ። በዚያም አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ትገኛለች፤ ስሟም በመጽሐፍ ቅዱስ እንደምናነባት እንደ ኢያሪኮ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ግን በቋንቋቸው ጄሪኮ ይሏታል። ዊልሰን ቤንትሌይ በዚህች ስፍራ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር በ9ኛው ቀን ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

አባቱ ላሞች የሚያረባ ገበሬ ነበረ። እናቱ ግን ቀድሞ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ ስለዚህ ልጅዋን እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በቤት አስቀምጣ ራስዋ አስተማረችው። መጻሕፍትም ነበሩአትና እርሱ እያነበበ አደገ።

አሁን ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት አመዳይ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። በአገራችን በክረምት ከዝናብ ጋራ የሚወርደውን በረዶ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እርሱ እንደ ጠጠር ጠንካራ ነው፤ በቆርቆሮ ቤት ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቍራል፥ አዝመራንም ይመታል። አመዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭና ለስላሳ ሆኖ፥ ድምፅ ሳያሰማ በቀስታ ይወርዳል። በእኛ አገር ከሰሜን ተራሮች ራስ በቀር እምብዛም አይታይም። በቬርሞንት ግን እኛ አዝመራችንን ሰብስበን ፀሐይ በምንሞቅበት ወራት ብርዱ ይበረታል፤ ከኅዳር ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ምድሩ ነጭ ለብሶ ይቈያል። በአንድ የብርድ ወራት የሚወርደው አመዳይ ሁሉ ቢደመር ከሰው ቁመት ይበልጣል።

የዓመቱ የመጀመሪያው አመዳይ በወረደ ቀን በዚያ አገር ያለ ገበሬ ብዙ ነገር ያስባል። እንጨቱ ተፈልጦ እንደ ተከመረ፥ ለከብቶቹም የሚበቃ ድርቆሽ እንደ ገባ ይመረምራል። ልጆች ይጫወቱበታል፤ መንገደኛም እያማረረ ይረግጠዋል። ዊልሰን ግን አመዳይ በወረደ ቀን ሁሉ ደስ ይለው ነበር። ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ ነገር እንደ አንድ ክምር አላየውም፤ እያንዳንዲቱን ቅንጣት ለብቻዋ ሊያያት ተመኘ።

ዊልሰን 15 ዓመት በሞላው ጊዜ እናቱ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ የሚያሳይ አንድ አሮጌ መሣሪያ ሰጠችው፤ የመሣሪያውም ስም ማይክሮስኮፕ ይባላል። በእርሱም የአበባ ቅጠልና የወፍ ላባ ይመለከት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን በቤቱ ደጅ የወረደውን አመዳይ ተመለከተበት። በዚያን ጊዜ ሌሎች የሚረግጡት ነገር ምን ያህል የተዋበ እንደ ሆነ አወቀ። እያንዳንዲቱ ቅንጣት እንደ ኮከብ ወይም እንደ አበባ ሆና፥ ስድስት ክንድ ወይም ስድስት ማዕዘን ነበራት። የንብ ሰፈፍ ያየ ልጅ የያንዳንዱ ቀዳዳ ማዕዘን ስድስት መሆኑን ያውቃል፤ የአመዳይም ቅንጣት በቍጥር እንደዚያው ናት፥ ጌጥዋ ግን እጅግ ይበዛል።

ዊልሰን ይህን ካየ በኋላ አንድ ኀዘን አገኘው። ቅንጣቲቱ እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቈይታ ትቀልጥ ነበር። አንድ ጊዜ ከቀለጠች በኋላ ያንን መልክ ሁለተኛ የሚያየው ሰው የለም። ስለዚህ የየአንዳንዲቱን መልክ በእርሳስ ይሥል ጀመር። ነገር ግን ግማሹን ሥሎ ሳይጨርስ ቅንጣቲቱ ውኃ ትሆንበታለች። ብዙ ሥዕሎች ሠራ፤ ልቡ ግን አልረካም፥ እጁ ዓይኑ ያየውን ሊያደርስ አልቻለምና።

ከዚህ በኋላ ማይክሮስኮፕ ከፎቶግራፍ ማንሻ ጋራ ሊጋጠም እንደሚችል አነበበ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ቢኖረው የቅንጣቲቱን መልክ ሳትቀልጥ ሊያስቀርላት እንደሚችል ተረዳ። ዋጋው ግን 100 ብር ያህል ነበረ፤ ይኸውም የአሜሪካ ብር፥ ዶላር የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ገበሬ ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። አባቱም አመዳይን ፎቶግራፍ ማንሣት ከንቱ ሥራ መስሎ ታየው፤ ላም ለሚያልብና መሬት ለሚያርስ ቤት ምን እንደሚጠቅም አልታየውም። እናቱ ግን ልጅዋን ታውቀው ነበርና ባልዋን ለመነችው። በመጨረሻም ዊልሰን 17 ዓመት በሆነው ጊዜ መሣሪያው ተገዛለት።

ነገር ግን መሣሪያ መግዛትና ሥራውን ማወቅ አንድ አይደሉም። ዊልሰን የሚያሳየው አስተማሪ አልነበረውም። ያነሣው ሁሉ ወይ ይጨልማል፥ ወይ ይደበዝዛል፥ ወይም ምንም አይታይበትም ነበር። የመጀመሪያው የብርድ ወራት በከንቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። አባቱ ያወጣው ብዙ ገንዘብ ፍሬ ሳይሰጥ ተቀመጠ፤ ልጁም ይህን ያውቅ ነበር። ሆኖም አልተወውም፤ አመዳይ በወረደ ቍጥር አንድ ነገር እየለወጠ እንደ ገና ይሞክር ነበር። በ1885 ዓ.ም. በጃንዩዋሪ ወር በ15ኛው ቀን፥ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ የአንዲት የአመዳይ ቅንጣት መልክ ጥርት ብሎ በፎቶግራፍ ተገኘ። ዊልሰንም ደስታው ወሰን አልነበረውም።

አሁን የሥራውን አኳኋን ላስረዳችሁ። ዊልሰን የሚሠራው እሳት በማይነድበት ክፍል ነበረ፤ ክፍሉ ቢሞቅ አመዳዩ ይቀልጣልና። ደመናው መጥቶ አመዳይ መውረድ ሲጀምር ጥቍር ሰሌዳ ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ነጩ በጥቍር ላይ ደኅና አድርጎ ይታያል። ጥቂት ቅንጣቶች በሰሌዳው ላይ ሲያርፉ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል። የተዋበችውን መርጦ በቀጭን እንጨት ያነሣታል፥ በመስተዋትም ላይ አኑሮ በወፍ ላባ በቀስታ ይጫናታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ትንፋሹን ይገታ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ሥራውን ሁሉ ያጠፋበታልና። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ መልክዋን ያነሣል። እጁ በብርድ ሲደነዝዝ እንኳ አይቸኵልም ነበር።

ስለ ቅንጣቶቹ አፈጣጠር ሊቃውንት የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። ከፍ ባለው በቀዝቃዛው ደመና ውስጥ የውኃ እንፋሎት በዓይን በማትታይ በአንዲት የትቢያ ብናኝ ላይ ይረጋል። ከዚያም ቅንጣቲቱ እየወረደች ታድጋለች። ያለፈችበት አየር ብርዱና እርጥበቱ እንደ ምን እንደ ነበረ መልክዋ ይናገራል። ሁለት ቅንጣቶች በሰማይ በፍጹም አንድ መንገድ አይሄዱም፤ ስለዚህ ክንፋቸው የበዛ ቅንጣቶች መልካቸው አንድ ሆኖ አይገኝም። ዊልሰን በዕድሜው ከ5000 የሚበልጡ ፎቶግራፎች አነሣ፤ ከእነርሱም መካከል ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት አላገኘም። እውነት ነው፥ እርሱ መልካሞቹን እየመረጠ ያነሣ ነበር፤ ከሰማይ ከሚወርዱት ብዙዎቹ የተሰበሩ ወይም ክንዳቸው ያልተስተካከለ ናቸው። ሆኖም የእርሱ ፎቶግራፎች ዓለም ከዚያ በፊት ያላየውን ነገር አሳዩ።

ዊልሰን ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም እርሻውን አልተወም። ላሞቹን ያልባል፥ ድርቆሹን ያጭዳል፥ አመዳይም ሲወርድ ወደ መሣሪያው ይሮጣል። ሚስት አላገባም፤ ቤቱንም ከወንድሙ ቤተ ሰብ ጋራ ተካፍሎ ኖረ። ጎረቤቶቹ ደግ ሰው መሆኑን ቢያውቁም ሥራው እንግዳ ሆነባቸው፤ በየሜዳው የተከመረውን፥ ማንም የማይገዛውንና ማንም የማይሰርቀውን ነገር ስለ ምን እንደሚያጠራቅም አልገባቸውም። አንድ ጊዜ ፎቶግራፎቹን ያለ ዋጋ ሊያሳያቸው ቢጠራቸው የመጡት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። እርሱ ግን በዚህ አልተቈጣም፥ ሥራውንም አላቋረጠም።

ከሩቅ ያሉት ሊቃውንት ግን የሥራውን ዋጋ እያወቁ ሄዱ። በ1898 ዓ.ም. በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ከነበረው ከጆርጅ ፐርኪንስ ጋራ ስለ አመዳይ ቅንጣቶች የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳተመ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ 500 ያህል ፎቶግራፎች በዋሽንግተን ወዳለው ወደ ስሚትሶኒያን ላከ፥ በዚያ ተጠብቀው እንዲኖሩ። ለትምህርት ቤቶችም ሥዕሎቹን በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ከዚህ ሥራ ያገኘው ገንዘብ ግን ካወጣው እጅግ ያንስ ነበር።

አመዳይ በማይወርድበት ወራትም ዓይኑ አላረፈም። ጠልን፥ በመስኮት ላይ የሚረጋውንም ውርጭ ያነሣ ነበር። የዝናብንም ጠብታ ትልቅነት ለማወቅ ፈለገ፥ ለዚህም አንድ ብልሃት አገኘ። በሳሕን ላይ ለስላሳ ዱቄት አስተካክሎ ያነጥፍና በዝናብ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል። ጠብታው በዱቄቱ ላይ ሲወድቅ ትንሽ የሊጥ ፍሬ ይሆናል፤ ሲደርቅም ይለካዋል። የሊጡ ፍሬ ከጠብታው ጋራ መተካከሉን ደግሞ፥ ልኩን ያወቀውን ጠብታ በዱቄት ላይ በመጣል አረጋገጠ። ይህንንም ምርምሩን በ1904 ዓ.ም. አሳተመ። በማንኛውም ቤት በሚገኝ ዱቄትና ሳሕን ሊቃውንት ያላወቁትን ነገር አወቀ።

በ1931 ዓ.ም. ዊልያም ሐምፍሬይስ ከሚባል ሊቅ ጋራ ሆኖ የአመዳይ ቅንጣቶች መጽሐፍ ታተመለት። በመጽሐፉም ውስጥ ከ2400 የሚበልጡ ፎቶግራፎች ይገኛሉ። ልጅ ሳለ እየቀለጠ ያሳዘነው ውበት አሁን በወረቀት ላይ ተቀምጦ በዓለም ሁሉ የሚታይ ሆነ። ከዚህ በኋላ ብዙ ቀን አልቈየም። በዲሴምበር ወር በብርቱ አመዳይ ውስጥ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄዶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፥ በዚያም የሳንባ በሽታ ያዘው። በዚሁ ወር በ23ኛው ቀን፥ በ66 ዓመቱ፥ ሲሠራበት በኖረው ቤት ዐረፈ፤ በጄሪኮም ተቀበረ።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። ናካያ የተባለ የጃፓን ሊቅ የቤንትሌይን ፎቶግራፎች አይቶ ስለ አመዳይ ሊመራመር ተነሣ፤ በ1936 ዓ.ም. በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የአመዳይ ቅንጣት በሰው ጥበብ ለመሥራት ቻለ። በእርሱም ምርምር የቅንጣት መልክ የሰማይን ብርድና እርጥበት እንደሚገልጥ በደንብ ታወቀ። በጄሪኮም ቀድሞ ወፍጮ በነበረ ቤት የዊልሰን ፎቶግራፎች ለሰው ይታያሉ። አስቀድሞ ያልገባቸው ጎረቤቶቹ ልጆች ዛሬ በስሙ ይመካሉ።

ልጆች ሆይ፥ ዊልሰን ቤንትሌይ ባሕር ተሻግሮ አልሄደም፥ ወርቅም አልቈፈረም። ያገኘው ሁሉ በገዛ ቤቱ ደጅ ላይ የወረደ ነው፤ በሌሎችም ደጅ እኩል ወርዶ ነበር። ልዩነቱ እርሱ ቆሞ ማየቱ፥ ባልተሳካለትም ጊዜ አለመተዉ ነው። እናንተም ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ በመንገዳችሁ ሣር ላይ ጠል ታያላችሁ። ፀሐይ ሳታደርቀው ጐንበስ ብላችሁ አንዲቱን ጠብታ ተመልከቱ።