እቴጌ ጣይቱ ብጡልና በእንጦጦ ሥር የበቀለችው ከተማ

ስለ ዐድዋዋ እቴጌ ብዙ ተጽፏል። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ከውኃ ምንጩ ተለይቶ እንዲዳከም ያቀዱት እርሳቸው መሆናቸውን ልጆቻችን ሳይቀሩ በትምህርት ቤት ይማሩታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ሌላውን የሕይወታቸውን ገጽ ነው። ይኸውም የከተማ መሥራችነታቸውና ከዚያው ጋር የመጣው የቀለብ፣ የማገዶና የገበያ ጣጣ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከሰሜን መሳፍንት ወገን ከሆኑት ከብጡል ኃይለ ማርያም ተወለዱ። በዘመኑ ለሴት ልጅ ብርቅ የነበረውን የግእዝ ትምህርት የቀሰሙ፣ በገናም የሚደረድሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተው፣ በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ።

በዚያ ጊዜ ንጉሡ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ማዛወር ጀምረው ነበር። ቦታው የቀድሞ ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ የተገኘበት ነው ተብሎ ስለታመነ የአባቶችን መንበር የመመለስ ክብር ነበረው። ከፍታው ለጥበቃ ይመቻል። ለኑሮ ግን አይመችም። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርስ ተራራ ላይ ብርዱ ይበረታል፣ በክረምት ነጎድጓዱ ያስፈራል፣ ውኃውም ማገዶውም ከሩቅ በሰውና በአህያ ጀርባ ይወጣል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ዕረፍት ሲሻ ወደ ፍል ውኃው፣ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ መውረድን ለመደ። እቴጌይቱም ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠርተው ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ከእርሳቸው ቤት ቀጥሎ መኳንንቱ በየጉብታው ሰፈሩ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይም እንጦጦ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቀርቶ መንግሥቱ ወረደ። ይሁን እንጂ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት፣ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ የእቴጌነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው።

ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም። የጉለሌ፣ የገላንና የየካ ኦሮሞዎች ከብት ሲያግዱበትና ሲያርሱበት የኖሩበት ምድር ነው፤ የካ የሚለውም ስም ከጎሣው የመጣ ነው። ለአንባብያን የሚቀርብ ሌላም ትዝታ አለ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡት የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ አቡነ ማስያስ በምኒልክ ፈቃድ በፊንፊኔ የሚሲዮን ጣቢያ ተክለው ነበር። እርሳቸው በ1871 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። የጎሣዎቹ መሬት ደግሞ ለመኳንንት፣ ለሠራዊትና ለአብያተ ክርስቲያናት ሲታደል ባለርስቶቹ ከፊሉ ለቀቁ፣ ከፊሉ ጭሰኛ ሆኑ። ከዐድዋ ድል በኋላም የአውሮፓ መንግሥታት ለጋሲዮኖች በየካ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው የሰፈር ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። የከተማችንን ልደት ስናከብር ይህን መተው ታሪኩን በግማሽ መናገር ይሆናል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1607 በአሜሪካ ቨርጂንያ ጄምስታውንን ሲመሠርቱም የሰፈሩት በሌላ ሕዝብ ምድር ነበር። እነርሱ ወርቅ ፈልገው መጥተው በ1609 ክረምት አብዛኞቹ በረሃብ አለቁ፤ ኋላ ያቆማቸው ለሽያጭ የተከሉት ትምባሆ ነው። አዲስ አበባ ግን በመጀመሪያ የሚሸጥ ነገር አልነበራትም። የምትኖረው ከየአውራጃው በሚገባላት ግብር፣ በእህል፣ በማርና በሰንጋ ነበር። ይህ ሁሉ በግምጃ ቤትና በጎተራ ተከማችቶ፣ በግብር አዳራሽ ለሺህ ሰው እንጀራና ጠጅ ሆኖ የሚቀርበው በእቴጌይቱ ሥር በነበረው ሥራ ቤት ነበር። ወጥ ሠሪው፣ ጠጅ ጣዩ፣ ፈጪው፣ ውኃ ቀጂው የእርሳቸው ጭፍራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በገበያው የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር።

ከተማዋ ገና ሳትጠና ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት እልቂት በሬን ጨርሶ እርሻ ቆመ፣ ሕዝቡም በረሃብ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በዚህ ዘመን የሆነ ነው። ከአውራጃ የሚገባው ግብር ሲቋረጥ የግብር ከተማ ምን ያህል ደካማ እንደሆነች ያን ጊዜ ታየ።

ከእህል ቀጥሎ ያስጨነቀው ዕንጨት ነው። የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ ሲያልቅ ዕንጨቱ ከመናገሻ ጫካ ይመጣ ጀመር። እንደ ቀድሞው ልማድ መፍትሔው ከተማውን መንቀል ነበርና፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። ያዳናት ከአውስትራልያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ሞንዶን ቪዳይ የተባለው ፈረንሳዊ አስመጣው ይባላል። በአምስትና በስድስት ዓመት ለቆረጣ የሚደርስ፣ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ችግኙ በአነስተኛ ዋጋ ታድሎ ኮረብታውን አለበሰው። የአዲስ ዓለሙም ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ዛፉ ውኃ ያደርቃል እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳው እውነትነት አለው። ነገር ግን የብዙ ቤት እሳት የነደደው በእርሱ ነው። የየካና የጉለሌ እናቶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቅጠሉንና ጭራሮውን ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ ኖረዋል።

በ1900 ዓ.ም. እቴጌይቱ ሆቴል ከፈቱ። ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር በመጀመሪያ ደፍሮ የገባ አልነበረም፤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው ሒሳብ እንደ ከፈሉ ይነገራል። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በግብር ትኖር የነበረችው ከተማ በገንዘብ መኖርን የተማረችው በእንዲህ ያለ ደጃፍ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ የአዲስ አበባን መሬት መሸጥና መለወጥ ፈቀደ። እቴጌይቱም የአቢሲንያ ባንክ በባዕዳን እጅ መሆኑን ስላልወደዱት ለእርሻና ለንግድ ብድር የሚሰጥ የአገር ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ።

ምኒልክ በታመሙባቸው ዓመታት አገሩን ያስተዳደሩት እርሳቸው ነበሩ፤ ይህም ብዙ ጠላት አፈራባቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አገለሏቸው። ባለቤታቸው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ቀድሞ ወደ ወረዱበት ተራራ ተመልሰው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ እርሳቸው በዚያው በጸሎት ላይ ነበሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐርፈው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ፤ በኋላም ዐፅማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ወርዶ ከዐፄ ምኒልክ ዐፅም አጠገብ ዐረፈ።